ጭነቱን ወሬ እንዳይቀድመው፦ ጨረር አመንጪ ዕቃ በአዳማ ሲያልፍ ለሕዝብ እንዴት ይነገራል?

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ያለ ሥዕል ለአጠገቤ ሰዎች አሳየሁ። መደቡ ቢጫ ነው። መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፣ ዙሪያውን ሦስት ጥቁር ክንፎች። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው። ቡና የምታፈላው ልጅ "ማራገቢያ" አለች። አንድ የባጃጅ ሾፌር "የመርከብ ሞተር ይመስላል" አለ። ከጥግ የተቀመጠ የከባድ መኪና ሾፌር ግን ስልኩን ተቀብሎ ቆይቶ አየው። "ወደብ ላይ አይቼዋለሁ። አትጠጉ ነው የሚሉን" አለ። ሥዕሉ የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ለምን እንደማይጠጋ፣ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ መኪናው ቢገለበጥ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሾፌር መናገር ላለባቸው ሰዎች ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ብትሆኑ፣ የሆስፒታል ኃላፊ ብትሆኑ፣ የትራንስፖርት ድርጅት ብትመሩ ወይም ቀበሌ ውስጥ ብትሠሩ ይጠቅማችኋል።

አዳማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጅቡቲ በመኪና የሚመጣው ዕቃ በአዋሽ፣ በመተሐራና በወለንጪቲ አድርጎ እዚህ ይደርሳል። ከዚያ ወይ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጨረር አመንጪ ዕቃ ሲባል ብዙ ሰው ቦምብ ያስባል። በየአገሩ መንገድ ላይ የሚሄደው ግን በብዛት ሌላ ነው። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግል ኮባልት 60 አለ። የእንቅርት ሕመም የሚታከምበት አዮዲን 131 አለ። መንገድ ሠሪዎች አፈሩና አስፋልቱ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለኩበት መሣሪያ ውስጥም ትንሽ ሲዝየም 137 አለ። ቃሊቲ ያለው የቆላ ዝንብ ማዕከል ወንዶቹን ዝንቦች የሚያመክነው በኮባልት ጨረር ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ እንዲህ ያለ ጭነት ይጓጓዛል።

ነገሩ አሁን ደግሞ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ኃይል ዕቅድ ተነግሯል፣ በዚያው ወር ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ ስምምነት ተፈርሟል። ማመንጫው የትም ቢሠራ፣ መቼም ቢሠራ፣ ስለ ጭነቱ መነጋገር የሚጀመረው ዛሬ ነው። መኪናው መጥቶ ከተማው በር ላይ ሲቆም መጀመር አይቻልም።

ደረጃ 1፦ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጭነቱን እወቁት

ሕዝብ ፊት የሚቆመው ሰው ራሱ ካልገባው፣ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቅበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ላኪውንና አጓጓዡን ጠይቁ። ንጥረ ነገሩ ምንድን ነው? ጠጣር ነው፣ ፈሳሽ ነው ወይስ ጋዝ? ለምን ሥራ ነው የሚሄደው? በምን ዓይነት መያዣ ነው የታሸገው? መለያው ስንተኛ ደረጃ ነው? አደጋ ቢደርስ ማን ነው መጥቶ የሚለካው፣ ከየት ተነሥቶ፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው መግለጫ አትጻፉ። መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 ሥራውን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ስላደረገው፣ ፈቃዱንም ለማየት ጠይቁ።

ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን መለያ ማንበብ ልመዱ። ሦስት ደረጃ አለው፦ ነጭ አንድ፣ ቢጫ ሁለት፣ ቢጫ ሦስት። ቢጫዎቹ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ከዕቃው 1 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በሰዓት የሚያገኘው ጨረር በሚሊሲቨርት፣ ማለትም ሰው በሚያገኘው ጨረር መለኪያ፣ ተለክቶ በ100 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ቁጥሩ 2 ከሆነ 1 ሜትር ላይ ያለው ጨረር በሰዓት 0.02 ሚሊሲቨርት ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ከአፈሩ፣ ከዐለቱ፣ ከሰማይና ከምግቡ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ያገኛል። ስለዚህ እዚያ መኪና አጠገብ አንድ ሰዓት ሙሉ የቆመ ሰው የሦስት ቀን ያህል የተፈጥሮ ጨረር ተጨማሪ አገኘ ማለት ነው። በባጃጅ ሽው ብሎ ያለፈውን ሰው እናንተው አስሉት። እንዲህ ያለ ስሌት በእጃችሁ ሲኖር ንግግራችሁ ይለወጣል።

ስለ መያዣውም እወቁ። አነስተኛ መጠን በ"ኤ" ዓይነት መያዣ ይሄዳል። ብዙ ጨረር ያለው በ"ቢ" ዓይነት ነው። የ"ቢ" መያዣ ንድፍ ከ9 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከባለ ሦስት ፎቅ ጣሪያ፣ ምንም በማይበገር ወለል ላይ ተጥሎ ይፈተናል። 800 ዲግሪ ሙቀት ውስጥም ለ30 ደቂቃ ይቆያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ባቡር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እያስሮጡ ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ የሚጫንበትን ዓይነት መያዣ በሕዝብ ፊት አስገጭተውታል፣ መያዣው አልተከፈተም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ንግግራችሁን በዚህ አትጀምሩ። "800 ዲግሪ" ያላችሁት ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው መያዣውን ሳይሆን እሳቱን ነው። ፈተናው ለጥያቄ መልስ ይሁን።

ደረጃ 2፦ የሚነገረውንና የማይነገረውን ለዩ

የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ግልጽ ሁኑ ይባላል። ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መንገዱን አትናገሩ ይባላል። ሁለቱም ትክክል ነው።

ምስጢሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ሜክሲኮ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ከሆስፒታል የወጣ አሮጌ የኮባልት 60 ዕቃ የጫነ መኪና ሾፌሩ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ባረፈበት ተዘረፈ። ሌቦቹ የፈለጉት መኪናውን ነበር። የጫነውን አያውቁም። ኮባልቱ ከመከላከያው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኘ። መተሐራ ወይም ወለንጪቲ ላይ የሚያድር ሾፌር ያየ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይሆንበትም።

ምስጢር ሲበዛ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሞን ሉዊ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ ትመስክር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1984 ቤልጂየም አጠገብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ (የኒውክሌር ነዳጅ የሚሠራበት ውህድ) የሞሉ 30 መያዣዎች ጭና ነበር። ሕዝቡ ይህን መጀመሪያ የሰማው ከባለቤቶቹ ሳይሆን ግሪንፒስ ከተባለው የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅት ነው። መያዣዎቹ ሁሉም ወጥተዋል። ሰው ያስታወሰው ግን መውጣታቸውን ሳይሆን መደበቃቸውን ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ወገን የማይነገረውን ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሚያርፍበት ቦታ፣ የጥበቃው ብዛት። በሌላው ወገን የሚነገረውን ጻፉ፦ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚጠቅም፣ ማን እንደሚጠየቅበት፣ ሰው ቢያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ፣ የት እንደሚደውል። የማይነገረውን "አንናገርም" ብላችሁ አትዝጉት። ምክንያቱን ስጡት። አንድ የእድር ዳኛ እንዲህ ቢባሉ ይገባቸዋል፦ "ጋሼ፣ ለካንሰር ሕክምና የሚሆን ዕቃ በዚህ መንገድ ያልፋል። ቀኑን ልነግርዎ አልችልም፣ ሌባ እንዳይሰማው ነው። ካለፈ በኋላ ግን ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።" ከዚያ ሄዳችሁ ንገሯቸው። ያን ቀን ካልሄዳችሁ በሚቀጥለው የሚሰማችሁ የለም።

ደረጃ 3፦ ቃላችሁን ምረጡ

"ራዲዮአክቲቭ" የሚለው ቃል ለአብዛኛው ሰው ባዶ ነው። "ኒውክሌር" ቦምብ ነው። "ጨረር" የፀሐይም ነው፣ የራጅም ነው። ከሦስቱ "ጨረር" ይሻላል፣ ምክንያቱም ራጅ ያልተነሣ ቤተሰብ የለም። ከዚያ ተነሡ።

ሰው ሁሉ የሚያምታታው ነገር በጨረር መመታትንና መበከልን ነው። እኔ የማስረዳው በከሰል ምድጃ ነው። ቡና ሲፈላ ምድጃው አጠገብ ከተቀመጣችሁ ሙቀቱ ያገኛችኋል። ፈቀቅ ስትሉ ይቀንሳል። ተነሥታችሁ ስትሄዱ ሙቀቱ ተከትሏችሁ ቤት አይገባም። ምድጃው ተገልብጦ አመዱ ልብሳችሁ ላይ ቢበተን ግን አመዱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ እስክትታጠቡም አብሯችሁ ይቆያል። ጨረሩ እንደ ሙቀቱ ነው። ብክለቱ እንደ አመዱ ነው። የታሸገ ዕቃ ሲያልፍ አመድ የለም።

ምሳሌው የሚያንስበትን ቦታም ራሳችሁ ተናገሩ። የከሰል ሙቀት ያቃጥላል፣ ይሰማል። ጨረር አይሰማም፣ አይሸትም። ሰው የሚፈራውም ይህንን ነው፣ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ርቀትን አስተምሩ፦ ዕቃው ትንሽ ከሆነ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል።

"ምንም አደጋ የለውም" አትበሉ። "አትደናገጡ" ብላችሁም አትጀምሩ። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት የክሎሪን ሲሊንደሮች ሲራገፉ የሰፈሩ ሰው ሽታ ሰምቶ ተረበሸ። እኔ "ኅብረተሰቡ እንዳይደናገጥ" የሚል ማስታወቂያ ጽፌ ለጠፍኩ። ማታ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዘመድ ቤት ሲሄዱ አየሁ። ማስታወቂያዬ ላይ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ማንን እንደሚጠይቁ አንድም መስመር አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

"ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግል ኮባልት የያዘ መኪና በከተማችን መንገድ ያልፋል። ኮባልቱ ጠንካራ ብረት ነው፤ አይፈስም፣ አይተንም። ለከባድ አደጋ በተፈተነ ወፍራም መያዣ ውስጥ ነው። መኪናው ላይ ቢጫና ነጭ ሰሌዳ፣ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው ምልክትና 7 ቁጥር ታያላችሁ። ሲያልፍ ቤት መዝጋት አያስፈልግም። ቆሞ ብታዩት ወደ እሱ አትጠጉ፣ ዕቃውን አትንኩ። ጥያቄ ካላችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ፣ ሰው ያነሣዋል።"

የኦሮምኛውን ከዚህ አታስተርጉሙ። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሰው ከመጀመሪያው በራሱ ቋንቋ አስቦ ይጻፈው። አዳማ ውስጥ በትርጉም የመጣና ከልብ የተነገረ ነገር ወዲያው ይለያል።

ምልክቱንም አስተምሩ። ክንፉን ማራገቢያ ያለችው ልጅ ብቻዋን አይደለችም። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ብዙ ሰው እንደማያውቀው ስላየ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ምልክት አስወጥቷል። ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ይታይበታል። ግን እሱ የሚለጠፈው አደገኛው መሣሪያ ራሱ ላይ ነው፣ መኪናና የማጓጓዣ መያዣ ላይ አይደለም። ቀዩን ያየ ሰው የሆነ ሽፋን ተከፍቷል ማለት ስለሆነ በፍጥነት ይራቅ።

ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ብዙ ጊዜ የሚደረገው አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ውሃ አድሎ ስብሰባ መጥራት ነው። እኔ በዚህ አልጀምርም። አዳራሽ ውስጥ የሚጠይቀው ደፋሩ ነው፣ የሚፈራው ዝም ይላል።

መጀመሪያ አደጋ ቢኖር ቀድመው የሚደርሱትን አግኙ፦ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ እሳት አደጋ፣ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርሶች። ነርሷ ካልተዘጋጀች የተጎዳውን ሾፌር ለመንካት ትፈራለች፣ ሰው ደም እየፈሰሰው ይጠብቃል።

ቀጥሎ ቆራሌዎችንና ብረት የሚገዙትን አግኙ። ይህን ማንም አያስብም፣ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 ብረት ለቃሚዎች ከተተወ የሕክምና ተቋም አንድ መሣሪያ አውጥተው ሸጡ። ውስጡ ሲዝየም ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ሰው ተከፋፈለው፣ ልጆች ተቀቡት። 4 ሰዎች ሞቱ። ወደ 112,000 ሰው ተመረመረ፣ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። ከዚያም የከተማው ሰው በሙሉ ተጠላ። ሆቴል አላሳድር አላቸው፣ የእርሻ ምርታቸው ገዢ አጣ። እኛ ሰፈር "ቆራሌው!" እያለ የሚያልፈው ልጅ ከባድ፣ ለመጠኑ የማይመጥን ክብደት ያለው ብረት ቢያገኝ ይደሰታል። ምልክቱን ያሳየው ማን ነው? አንድ ከሰዓት በኋላ መጋዘናቸው ሄዳችሁ፣ ሥዕሉን አሳይታችሁ፣ ስልክ ቁጥር ግድግዳቸው ላይ ለጥፉላቸው።

ከዚያ በኋላ እድሩን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ አባ ገዳዎችን። በመጨረሻ ሬዲዮ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም። ሬዲዮ ላይ የሰማውን ሰው ጎረቤቱ "አዎ፣ ለእኛም መጥተው ነግረውናል" ሲለው ነው የሚያምነው።

ስትሄዱ የሚጠየቁት ከሳይንስ መጽሐፍ አይወጣም። "ልጅ እንዳልወልድ ያደርገኛል?" "የአዋሽ ውሃችንስ?" "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሱቄ መንገድ ዳር ነው።" ለነፍሰ ጡሯ በቁጥር መልሱላት፦ መኪናው ከሱቋ ስንት ሜትር ርቆ እንደሚያልፍ፣ ለስንት ሰከንድ። ከዚያ አድምጧት። ጥያቄዋን ሌላው ፊት አታቅልሉባት።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ከአጓጓዡ ጋር ምረጡ

ቀኑን ለሕዝብ አትነግሩም፣ ግን የከተማውን ጠባይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መንገዱን ይሞላዋል። ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ሲከበርም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት ጭነት አይለፍ በሉ።

ደረጃ 6፦ አደጋ ቢደርስ፣ የመጀመሪያው ሰዓት

መኪና ሲገለበጥ ሰው ይሮጣል። የሚበዛው ለመርዳት ነው። አንዳንዱ የፈሰሰውን ለመሰብሰብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃላችሁ ማብራሪያ ሳይሆን ትእዛዝ ይሁን፦ ራቁ፣ የወደቀ ነገር አትንኩ፣ እዚያ አካባቢ አትብሉ፣ አታጭሱ። የጨረር ባለሙያ እስኪመጣ የተጎዳ በሚመስል ዕቃ ዙሪያ 30 ሜትር ይከለላል። እሳት ወይም ጭስ ካለ 300 ሜትር። የተጎዳ ሰው ግን በጨረር ፍርሃት አይተው፤ ሕይወት ማዳን ይቀድማል። ነክተው የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ይታጠቡ፣ ስማቸው ይመዝገብ፣ ይመርመሩ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን መግለጫ አውጡ፣ ሦስት መስመር ቢሆንም። የምናውቀው ይህ ነው። ያላረጋገጥነው ይህ ነው። በዚህ ሰዓት ተመልሰን እንነግራችኋለን። በተባለው ሰዓት አዲስ ነገር ባይኖርም ተመለሱ።

የአውስትራሊያው ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከሪዮ ቲንቶ ማዕድን ማውጫ በመኪና የተላከ የሲዝየም 137 ቅንጣት መንገድ ላይ ወደቀ። ርዝመቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከባቄላ ፍሬ ያንሳል። መንገዱ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። መጥፋቱ የታወቀው ጥር 25 ሲሆን ሕዝቡ የሰማው ጥር 27 ነው። ለሁለቱ ቀናት ተወቅሰዋል። መናገር ከጀመሩ በኋላ ግን በደንብ ተናገሩ። ቅንጣቷን ከሳንቲም አጠገብ አድርገው በሥዕል አሳዩ። 5 ሜትር ራቁ አሉ። 1 ሜትር ላይ አንድ ሰዓት መቆም 10 ራጅ እንደመነሣት ነው አሉ። በየካቲት 1 ከመንገዱ ዳር 2 ሜትር ያህል ርቃ ተገኘች። መጠን፣ ርቀት፣ ምን እንደሚደረግ። ሦስቱን ነገሮች ልጅም ይይዛቸዋል።

የቴሌግራም ወሬ ሲመጣ፣ ወሬውን ርዕስ አድርጋችሁ አትድገሙት። "አዳማ ተመርዛለች የሚባለው ውሸት ነው" ብላችሁ ስትጽፉ የሚቀረው "አዳማ ተመርዛለች" ነው። በእውነቱ ጀምሩ፦ "የጨረር መለኪያ የያዙ ባለሙያዎች ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለክተዋል፣ ያገኙት ይህ ነው።" የልኬቱን ፎቶ ለጥፉ። ይህን ካላደረጋችሁ የሚደርሰው ጎያኒያ ላይ የታየው ነው። የመቂና የቆቃ ገበሬ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ጭኖ አዳማ ሲደርስ ገዢ ያጣል።

ደረጃ 7፦ ካለፈም በኋላ ተመለሱ

ጭነቱ በሰላም ካለፈ የነገራችኋቸውን ሰዎች ሁሉ ዙሯቸው። "አልፏል" በሏቸው። የእድሩ አዳራሽ ውስጥ አንድ ደብተር በክር አስራችሁ አንጠልጥሉ፣ ሰው ጥያቄውን ይጻፍበት። የማይጽፍ ከሆነ የእድሩ ጸሐፊ ይጻፍለት። በየሳምንቱ ሄዳችሁ ከሥሩ መልሱን ጻፉ፣ ቀንና ስልክ አስቀምጡበት።

ከአንዲት ጉሊት ሻጭ የሰማሁት ጥያቄ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢሰፍር ደስ ይለኛል፦ "አይሱዙ ላይ ሽንኩርት ጭኜ ከዚያ መኪና ኋላ ብሄድ ሽንኩርቴ ይበከላል?" መልሱ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ "አይበከልም፣ እናቴ። መያዣው እንደተዘጋ እስካለ ከውስጡ የሚወጣ አመድ የለም። ጨረሩ ቢያገኘውም ሽንኩርቱን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። ይሸጡታል፣ ይበላል። ሾፌሩን ግን ትንሽ ራቅ ብለህ ንዳ ይበሉት።"